ምንም አልጎደለም

የወንድሙ የማሠልጠኛ መኪና እንደ ሁልጊዜው በራቸው ላይ ሳይሆን ከማዕዘኑ ወዲያ፣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ አጥር ጥግ ቆማ ነበር። መስታወት ቆራጩ መጀመሪያ ሲያያት ብዙም አልገረመው። ከሱቁ ወደ ቤት የተመለሰው ጠዋት ረስቶት የወጣውን መነጽር ሊወስድ ነው፤ ያለ መነጽር የሜትሩ ቁጥሮች እንደ ጉንዳን ይርመሰመሱበታል። ወንድሙ በዚህ ሰዓት ተማሪ ይዞ መንገድ ላይ መሆን ነበረበት። ተማሪው ቀርቶበት ይሆናል፣ በዚያው ጎራ ብሎ ይሆናል እያለ የግቢውን በር በቁልፉ ከፍቶ ገባ። ገብቶ ግን ቆመ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ የለም። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ጠዋት ፊት ለፊት ባለው ክፍል ትቀመጥና መኪናዋን እስከ ማታ ታስጮኻታለች። ለሰው ብላ አታቆማትም፤ እንግዳ ቢመጣም እየሰፋች ነው የምታወራው። ዛሬ መኪናዋ ጭጭ ብላለች፤ የክፍሉ በርም ገርበብ ብሏል።

ወንድሙ ቀስ ብሎ መናገር የማያውቅ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከተማሪ አጠገብ ተቀምጦ «ፍሬን፣ ፍሬን ያዝ» ሲል በመኖሩ ሰፈሩ ሁሉ ስሙን ትቶ ፍሬን ይለዋል። ሹክ ያለው ነገር እንኳን መንገድ ተሻግሮ ይሰማል እየተባለ ይቀለድበታል። አሁን ግን መስታወት ቆራጩ የወንድሙን ድምፅ ለመስማት ትንፋሹን መያዝ ነበረበት።

«ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም» ይላል ፍሬን። «ብቻ አደራ፣ እሱ እንዳይሰማ።»

  ሚስቱ «ከእኔ አይወጣም፣ ጋሼ» አለች። ሌላም ነገር ጨመረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ስላለ ግን አልለየውም። የሰማው ነገር ቢኖር ፍሬን በረዥሙ ሲተነፍስ ነው፤ ሲመኘው የኖረውን ያገኘ ሰው አተነፋፈስ መሰለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ምን ትዶልታላችሁ» ብሎ ስቆ ይገባ ነበር። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ግን በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ነው የሚራመደው። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ወጣና የግቢውን በር እንደ ሌባ ቀስ አድርጎ ዘጋው። መነጽሩን አልያዘም።

የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ጥገና ካደረገ ዓመት ሊሞላው ነው። ካንሰሩ ወጥቶለታል፤ ሐኪሙም ደምህ ንጹሕ ነው ብሎታል። የሚያገኘው ሰው ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ይለዋል፣ እሱም «ተመስገን» ይላል። ያልተመለሰለት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ለሰው የሚነገር አይደለም። ሐኪሙ «ስንፈተ ወሲብ» ብሎ በመጽሐፍ ቋንቋ ነው የጠራው፤ ነርቮቹ ተነክተዋል፣ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለው። ለሚስቱ ይህን አልነገራትም። «ሐኪሙ ለጊዜው ከልክሎኛል» ነበር ያላት። እሷም እሺ አለች፤ ከዚያ በኋላም አላነሳችውም። ዝምታዋን መጀመሪያ ደግነት ነው ብሎ ተቀበለው። ወራት ሲቆጠሩ ግን ደግነቱ ይከብደው ጀመር። እንዴት አንድ ቀን እንኳን አትጠይቅም? ሰው የጎደለበትን የማይጠይቀው ያልጎደለበት እንደሆነ ነው፤ ከአንዱ ቢቀርበት ከሌላው ሲያገኝ ነው።

ወደ ሱቁ ሲመለስ መንገዱን አላየውም፤ የሚያየው ሲያልፉት ልብ ያላላቸውን ነገሮች ነበር። ፍሬን ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። ሽበቱን እንደ ጌጥ ሲቆጥር የኖረ ሰው በቅርቡ ፀጉሩን ጥቁር ቀብቶ ብቅ አለ፤ ሱሪው ተተኩሶ እንደ ቢላ የሰላ ነው። ባለፈው እሑድ ወጥ ቤት ሲገባ ሁለቱ ወሬያቸውን ቆረጡና ሚስቱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረች። ፍሬን ዕድሜውን ሙሉ ሽንኩርት ገዝቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን «ጉድ እኮ ነው፣ የት ሊደርስ ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ደግሞ ሞኙ የሽንኩርቱን መወደድ አምኖ ወጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው፤ አገር ምድሩ ሰምቶ የጨረሰውን ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል።

ሱቁን ከአንድ አናጢ ጋር ነው የሚጋራው፤ አናጢው ፍሬሙን ይሠራል፣ እሱ መስታወቱን ይገጥማል። አናጢው መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ያጋደመውን የልብስ ቁም ሣጥን እያገላበጠ ያማርር ነበር። «ላዩን ስታየው ምንም አልሆነም» አለው ገና ከመግባቱ። «ውስጡ ነው የሞተው። ባቆመው ባቆመው አልቆምም አለ።» መስታወት ቆራጩ ፊቱ ጋለ። አናጢው ቀና ብሎ አላየውም፤ ምስማር በከንፈሩ ነክሶ ስለ ሙጫ ዋጋ ቀጠለ። ባለፈው ወር የገዛው ቆርቆሮ ሙጫ ዛሬ ግማሽ ያህል ጨምሯል፣ ቀጭኑ ጣውላም እንዲሁ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ ከነጋዴው ጋር ተማክሮ ሲሰርቅ ተይዟል። «የባለ መጋዘኑ የገዛ አጎቱ ልጅ ነው እኮ ዘበኛው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው» አለ። ለማን ነው የሚነገረው ይሄ? መስታወት ቆራጩ ለመታጠቢያ ቤት የታዘዘ መስታወት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያለ መነጽር ለካ፤ መቁረጫውን ሳበ፤ ሲሰብረው ግን ስንጥቁ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ጎን ሮጠ። አናጢው መጥቶ አየና «ዛሬስ ልብህ አብሮህ የለም» አለው። ፊት ለፊት ያለችው የሻይ ቤቱ ባለቤት ሻይ ይዛ መጥታ «ደህና አይደለህም እንዴ?» ብላ እጇን ግንባሩ ላይ ልታሳርፍ ስትል ሸሻት። ሁሉም የሚያውቅ መሰለው። የሚያዝኑለት መሰለው፤ ከሚስቁበት ይልቅ ያ ባሰበት።

ምሳ ሰዓት ላይ ከጓሮ ሆኖ ቤት ደወለ። ስልኩን ስታነሳ የስፌት መኪናዋ ትጮህ ነበር።

«ሰው መጥቶ ነበር?» አላት። «መስታወት የሚያዝ ሰው ቤት እመጣለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ኧረ ማንም አልመጣ። ብቻዬን ነኝ ከጠዋት ጀምሮ» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። ያስደነገጠው ይሄ ነው። ለካ ስትዋሽና እውነት ስትናገር ድምፅዋ አይለያይም፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብሯት ኖሮ አላወቀም።

ሥራ መሥራት አቃተው። አናጢውን «ልክ ልወስድ ነው» ብሎት ወጣና የመንጃ ተማሪዎች ወደሚለማመዱበት ሜዳ ሄደ። ምን እንደሚል አላሰበም። ስድብ እያዘጋጀ ነበር፤ እያዘጋጀ ይጥለዋል። ታላቅ ወንድሙ ነው፤ አባታቸው ሲሞት የትምህርት ቤት ልብሱን የገዛለት እሱ ነው። ቀዶ ጥገና የገባ ቀንም ኮሪደሩ ላይ ወንበር አንሶ ቆሞ የዋለው እሱ ነው። ይህን ሲያስብ ንዴቱ የሚበርድ መስሎት ነበር፤ ባሰበት። ሜዳው ላይ አሮጌ ጎማዎችና የተተከሉ እንጨቶች መሀል መኪኖች ወደ ኋላ እየሄዱ ይቆማሉ፣ ይጠፋሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። የፍሬንን መኪና ለየ። ከአጥሩ ጥላ ሥር ሆኖ መታየት ሳይፈልግ ማየት ጀመረ።

ፍሬን ከመኪናው ወረደና ሜዳው ጥግ ወዳለው የቆርቆሮ ሽንት ቤት ሄደ። በሩ ከላይም ከታችም አጭር ስለሆነ ጭንቅላቱና እግሩ ይታያሉ። አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሰው ገብቶ የሚወጣበት ጊዜ አለፈ፤ እሱ አሁንም እንደቆመ ነው። ወጣ፣ ተማሪውን ጥቂት ወደ ኋላ አስነዳውና እንደገና ወርዶ ተመለሰ። እንደገና ግድግዳውን ያዘ። ያን አቋቋም መስታወት ቆራጩ የትም ቢያየው ይለየዋል። እሱ ራሱ ካንሰሩ ከመታወቁ በፊት በሱቁ ጓሮ እንዲሁ ይቆም ነበር፤ ግድግዳ ተደግፎ፣ ና ሲሉት የማይመጣውን እየለመነ። ሲያሰላስለው የዋለው ክስ ሁሉ አልጠፋም፤ ግን የቆመበት መሬት ከዳው።

ፍሬን ሲመለስ አየውና ክው አለ። ተማሪውን «ለዛሬ ይብቃህ» ብሎ አሰናበተውና ሁለቱ መኪናው ውስጥ ተቀመጡ፤ ፍሬን ከመሪው ኋላ፣ ታናሹ ከአጠገቡ።

«ፕሮስቴት ነው?» አለው መስታወት ቆራጩ።

ፍሬን እጁን ከመሪው ላይ አወረደ። «ነገረችህ ማለት ነው። ከእኔ አይወጣም ብላኝ ነበር።»

«ትንፍሽ አላለችም። አሁን አየሁህ፣ ስትቆም።»

ከዚያ ፍሬን ተናገረ። ሕመሙ የታናሹ ዓይነት ነው፤ ሐኪሙም ያው ነው፤ ሳይሠራጭ ይውጣ ብሎታል። እሱ ግን ላስብበት እያለ ሲሸሽ ከረመ። «ሞቱን አይደለም የፈራሁት» አለ። «አሁን ሰው አለችኝ። ፈተናውን ሦስቴ ወድቃ በአራተኛው ያለፈችው ተማሪዬ፣ ነግሬህ ስቀሃል። ለእሷ ብዬ ነው ይሄን ቀለም የተቀባሁት። በዚህ ዕድሜዬ ሴት ቤት አስገብቼ፣ ከዚያ ምን ልላት ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንተን እንዳልጠይቅህ እንዴት ብሎ ይጠየቃል? አፌ ላይ አልመጣልኝ አለ። ስለዚህ ዛሬ እሷን ጠየቅኳት። አፍሬ፣ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እየተመኘሁ ጠየቅኳት።»

«ምን አለችህ?»

«‹ምንም አልጎደለም› አለችኝ። ‹እንደ ድሮው ነን፣ ጋሼ፣ አይፍሩ› አለች። ዓይኔን እያየች። ከቤታችሁ ስወጣ ለሐኪሙ ደወልኩ፤ ሐሙስ እገባለሁ አልኩት።»

 ሚስቱ ዋሽታ ነበር፤ መስታወት ቆራጩ በጠረጠራት በኩል ግን አልነበረም። ዝም ቢል ሁሉም ያምራል። ፍሬን ሐሙስ ይገባል፣ ይድናል፤ እሱም በወንድሙ ዓይን ሙሉ ሰው ሆኖ ይኖራል። ቢናገርና ወንድሙ አልገባም ቢል በአፉ ገደለው ማለት ነው። ግን ደግሞ ከሆስፒታል ወጥቶ የሚመጣውን ፍሬን አሰበው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ወንድሜ ምንም አልሆነም፣ የተበላሸሁት እኔ ብቻ ነኝ ሲል። ብቻ መሆን ምን እንደሚያደርግ እሱ ያውቀዋል። አንድን ሰው በገዛ ሚስቱ ላይ ሰላይ እንደሚያደርገው ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲያየው ውሏል።

«ዋሽታሃለች፣ ጋሼ» አለ። «ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እኔ እንደ ድሮው አይደለሁም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። ልብ ይፈልጋል፣ አካል አይሰማም።»

ከጀመረ በኋላ ማቆም አቃተው። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ሽንት ያመልጠው እንደነበር፣ ያ ግን ቀስ በቀስ እንደተወው ነገረው። ኪኒን ታዞለት ሱቅ ጓሮ ውስጥ ብቻውን እየዋጠ እንደሞከረው፣ ፊቱ እየጋለ ራሱን እንዳመመው፣ ሌላ ምንም እንዳልመጣ ነገረው። ሐኪሙ ሌላም መንገድ አለ፣ የሚወጋ መድኃኒት አለ፣ መሣሪያም አለ፣ ግን ይሄ የሁለት ሰው ጉዳይ ነውና ሚስትህን ይዘህ ና እንዳለው፣ እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ እግሩን ወደዚያ እንዳላዞረ ነገረው። «አንዳንዶቹ ይመለስላቸዋል፤ አንተ ከእነሱ ልትሆን ትችላለህ» አለ። «እኔን ግን አይተህ አትወስን። ብቻ ያልተነገረህ እንዳይደርስብህ።»

ፍሬን በሩን ከፍቶ ወረደ። ጀርባውን ለመኪናው ሰጥቶ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ከሩቅ አንድ ተማሪ እንጨቱን ገጭቶ ሰዎች ይስቃሉ። መስታወት ቆራጩ፣ አለቀ፣ አይገባም አለ በልቡ። ፍሬን ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል።

«ታዲያ እሷ ለምን ዋሸችኝ?»

«እንድትኖር ነዋ።»

ፍሬን ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩን አስነሳ። ለስንት ሰው ሲያስተምር የኖረውን ማርሽ ሁለቴ ሳተው። «ሐሙስ እገባለሁ» አለ አስፋልቱ ላይ ከወጡ በኋላ። «ለዚያችም ሴትዮ ሳልገባ እነግራታለሁ፤ እንደ ፈተናው መውደቅም እንዳለ ከአሁኑ ትወቀው። አንተ ግን አብረኸኝ ትሄዳለህ።»

«እሄዳለሁ።»

ጥቂት ተጓዙ። ፍሬን ድንገት ዞር አለ። «ይሄን አሁን የነገርከኝን ሁሉ እሷ ታውቃለች? ኪኒኑን፣ ሐኪሙ ይዘሃት ና ማለቱን?»

«አታውቅም።»

 ፍሬን በራቸው ፊት ለፊት ደርሶ ቆመ። «ከእሷ በፊት ለእኔ መንገርህ ነውር ነው» አለው። «ውረድ።»

ሚስቱ ወርቃማ ሻሽ መሳይ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠርዙን ትሰፋ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም፤ ወንበሩም ሶፋውም መጋረጃ ተከምሮባቸዋል። አንዱን ክምር ገፋ አድርጎ ተቀመጠ።

«ጋሼ ጋ ነበርኩ» አላት።

መኪናዋ ቆመች። ሚስቱ ፊቱን አጥንታ ነገሩ ገባት። «ምን አልከው?»

«እውነቱን።»

«እምቢ አለ?»

«ሐሙስ ይገባል።»

ትከሻዋ ወረደ። መቀሱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ምን ብዬ ልንገረው ታዲያ?» አለች እሱ ሳይጠይቃት። «ባሌ ከአጠገቤ ሸሽቷል፣ ምክንያቱን አላውቅም ልበለው? ሐኪሙ ከልክሎኛል ስትለኝ ሁለት ወር አመንኩህ። ዓመት የሚከለክል ሐኪም የት አለ? ከዚያ ኮትህን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ኪኒኑን አገኘሁት። ፋርማሲ ለምትሠራው ደንበኛዬ አሳየኋት፤ ልጅቷ አፍራ እያቀረቀረች ነገረችኝ። ግማሹ ተውጧል። ከእኔ ጋር አልነበርክም። ለማን ነው ታዲያ የሚውጠው አልኩ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ትሆን እያልኩ ስንት ቀን በሱቅህ በኩል አለፍኩ መሰለህ።»

 ቀኑን ሙሉ ሲጠረጥራት የዋለው ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ሆነበት። ይህን በሆዷ ይዛ፣ የሌላ ሴት ሰው ነው ብላ ስታስበው ከርማ፣ ዛሬ ስትጠየቅ «ምንም አልጎደለም» ብላለታለች።

«ለአንቺ ነበር» አላት። «መጀመሪያ ብቻዬን ልሞክረውና ከሠራ ልመጣ ነበር። ሱቁ ጓሮ። አልሠራም። ሐኪሙም ሚስትህን ይዘህ ና ብሎኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም። አፈርኩ።»

አየችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሳቋ ነበር፤ የሚሳቅበት መስሎት ሊነሳ ሲል ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አየ። «ሱቅ ጓሮ» አለች። «ያን ሁሉ መስታወት አቁመህ።» እሱም ሳይፈልግ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አብረው ሲስቁ ይህ መጀመሪያው ነበር።  ሲያባራላቸው ሚስቱ ጨርቁን ከጉልበቷ አንስታ አስቀመጠች፤ ጠርዙ ገና ግማሹ ነው። ከመጋረጃዎቹ መሀል ቦታ አበጅታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሁለተኛ ብቻህን እንዳትሞክር» አለችው።